የ64 ሳንቲም ክርክር

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት ውስጥ ዳኮታ የምትባል አውራጃ አለች። በ19ኛው መቶ ዘመን ከአየርላንድ የተሰደዱ ካቶሊክ ገበሬዎች መሬት ካቀኑባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1866 ፒርስ በትለር በዚያች አውራጃ ተወለዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1869፣ በዚያችው አውራጃ ቨርሚሊየን በሚባል ቀበሌ ጆን ራያን ተወለዱ። ሁለቱም የስደተኛ ልጆች፣ ሁለቱም በአንድ እምነት የተጠመቁ፣ ሁለቱም ከገበሬ ቤት የወጡ ናቸው። በትለር ጠበቃ ሆኑ፤ ራያን ካህን። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የድሃ ሴት የሳምንት ደመወዝ በአሜሪካ ከፍተኛው ችሎት ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ እነዚህ የአንድ አውራጃ ልጆች በተቃራኒ ወገን ቆመው ይገኛሉ። አንባቢ ይህን ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ። (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ራያን የ11 ልጆች ታላቅ ነበሩ። ቤታቸው ውስጥ የአየርላንድን ጭሰኞች በደል የሚዘግብ ጋዜጣ ይነበብ ነበር፤ በአካባቢያቸውም ገበሬዎች ማኅበር አቋቁመው ከባቡር ኩባንያዎችና ከአበዳሪዎች ጋር ይሟገቱ ነበር። ስለ ድሃና ስለ ባለጠጋ የመጀመሪያውን ትምህርት የቀሰሙት ዘርዐ ክህነት ሳይገቡ፣ ገና እርሻው ላይ እያሉ ነው ማለት ይቻላል።

በ1891 የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ ‹ሬሩም ኖቫሩም› የተባለውን ሐዋርያዊ መልእክታቸውን አወጡ። መልእክቱ ስለ ፋብሪካ ሠራተኛው የሚናገር ነው። አሠሪና ሠራተኛ በደመወዝ ቢስማሙም እንኳ ከስምምነታቸው በላይ የሆነ የተፈጥሮ ፍትሕ አለ፤ ደመወዙ ቆጣቢና ጨዋ የሆነ ሠራተኛን ለማኖር የማይበቃ ከሆነ፣ ያ ሠራተኛ ተቸግሮ ተስማማ እንጂ ፈቅዶ አልተስማማም ይላል መንፈሱ። በ1898 የክህነት ማዕረግ የተቀበሉት አባ ራያን ይህን ይዘው አንድ ቀላል ጥያቄ አነሱ፦ ለመሆኑ ስንት ነው የሚበቃው? ለዶክትሬት ማዕረግ የጻፉትና በ1906 ‹ለኑሮ የሚበቃ ደመወዝ› በሚል ርዕስ የታተመው መጽሐፋቸው የቤት ኪራዩን፣ ቀለቡን፣ ልብሱን ደምሮ መልስ ሰጠ። ለአንድ ቤተሰብ በዓመት ከ600 ዶላር ያነሰ አይበቃም አሉ። ቀጥለውም፣ ይህ ገንዘብ ለሠራተኛው የሚገባው መብቱ ስለሆነ መንግሥት በሕግ ሊያስከብረው ይገባል ብለው ደመደሙ። አንድ የሥነ መለኮት መምህር የቀለብ ሒሳብ ደምሮ ‹ሕግ ይውጣ› ሲል፣ በዚያን ጊዜዋ አሜሪካ እንግዳ ነገር ነበር።

አባ ራያን በቅዱስ ጳውሎስ ዘርዐ ክህነት ሲያስተምሩ ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ኤድዊን ኦሃራ ይባል ነበር። እሱም የሚኒሶታ አየርላንዳዊ ገበሬ ልጅ ነው፤ ከስምንት ልጆች የመጨረሻው። በ1905 ክህነት ተቀብሎ ወደ ምዕራብ ዳርቻ፣ ወደ ኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ ተላከ። የመምህሩ መጽሐፍ በታተመ ጊዜ ተማሪው ፖርትላንድ ደርሷል። የመጽሐፉ ሐሳብ ሥጋ የለበሰውም እዚያ ነው።

የያኔዋ ፖርትላንድ ሴቶችን በብዛት የምትቀጥር ከተማ ነበረች። በልብስ ማጠቢያ ቤቶች፣ በፍራፍሬ ማሸጊያዎች፣ በትልልቅ መደብሮች፣ በካርቶን ሳጥን ፋብሪካዎች፣ በስልክ ማዞሪያ ቤቶች ከየገጠሩ የመጡ ልጃገረዶች ይሠሩ ነበር። አባ ኦሃራ እነዚህን ልጆች እሑድ በቤተ ክርስቲያን ያዩዋቸዋል፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ግን በስንት እንደሚያድሩ የሚያውቅ የለም። አሠሪዎቹ ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር ስለሚኖሩ የሚያገኙት ገንዘብ ለጥብጣብና ለባርኔጣ ነው ይሉ ነበር። ‹አይደለም› ለማለት ደግሞ ስብከት ብቻውን አይበቃም። መቁጠር ያስፈልጋል።

የቆጠረችው ካሮላይን ግሊሰን ነች። በ1886 በሚኒያፖሊስ የተወለደች፣ በ1908 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች፣ ወደ ፖርትላንድ መጥታ በካቶሊክ ትምህርት ቤት ያስተማረች ወጣት ነበረች። በ1912 የኦሪገን ሸማቾች ማኅበር፣ አባ ኦሃራ የሚመሩት አንድ የጥናት ኮሚቴ ሲያቋቁም፣ የመስክ ሥራውን የመራችው እሷ ናት። ባልደረቦቿን ይዛ ከፋብሪካ ፋብሪካ ሄደች፤ የደመወዝ መዝገብ አገላበጠች፤ ሴቶቹ የሚያድሩባቸውን የኪራይ ክፍሎች አንኳኳች። ይህም አልበቃትም፤ ራሷ እንደ ማንኛዋም ሥራ ፈላጊ ፋብሪካ ገብታ ተቀጠረች። ከሴቶቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጣ ሠራች። የጥናቱን ዘገባ ያነበበ ሰው ቁጥሮቹ ከቢሮ ወንበር ላይ እንዳልመጡ ይገባዋል፤ ለጫማ ስንት፣ ለሐኪም ስንት፣ ለልብስ እጥበት ስንት እያለ ነው የሚሄደው።

በፖርትላንድ ከ7,000 በላይ የሆኑ ሴት ሠራተኞች የደመወዝ መረጃ ተሰበሰበ። ውጤቱ በ1913 መጀመሪያ ታትሞ ወጣ፦ ራሷን ችላ የምትኖር ሴት በፖርትላንድ በጨዋነት ለማደር በሳምንት ቢያንስ 10 ዶላር ያስፈልጋታል። ከአምስቱ ሦስቱ ግን ከዚያ በታች ነበር የሚያገኙት። የጎደለውን ከየት ይሞሉታል? አንዷ ምሳ ትዘላለች፤ አንዷ ክረምቱን ያለ ካፖርት ትገፋለች፤ አንዷ ትበደራለች። ዘገባው ከዚህም የባሰውን፣ ልጆቹ የሚወድቁበትን አደጋ፣ በግልጽ ጽፏል።

ጥናቱ የሕግ ረቂቅ ተያይዞለት ለግዛቲቱ ምክር ቤት ቀረበ። ከአንድ ዓመት በፊት ማሳቹሴትስ የመጀመሪያውን የደመወዝ ወለል ሕግ አውጥታ ነበር፤ ነገር ግን ቅጣት የለበትም፤ ያልከፈለ አሠሪ ስሙ በጋዜጣ ይወጣል፣ ያ ነው። የኦሪገኑ ግን መቀጫና እስራት ነበረበት። አገረ ገዢው ኦስዋልድ ዌስት ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1913 ፈረሙበት። በሕጉ መሠረት ሦስት አባላት ያሉት ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የ31 ዓመቱ አባ ኦሃራ ሰብሳቢ፣ ካሮላይን ደግሞ ጸሐፊ ሆኑ። ኮሚሽኑ ደመወዝ ከመወሰኑ በፊት ከአሠሪዎች፣ ከሠራተኞችና ከሕዝብ እኩል ቁጥር ያላቸውን ተወካዮች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጣል። እኛም ዘንድ በእኛው አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ስለ ደመወዝ ቦርድ የሚናገር አንቀጽ ስላለው፣ የኦሪገኖቹ ጠረጴዛ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይመስለኝም።

ሕጉ ሴቶችንና ለአካለ መጠን ያልደረሱትን ብቻ ነበር የሚመለከተው። ምክንያቱ የፍርድ ቤቱ በር ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1905 የኒው ዮርክ ዳቦ ጋጋሪዎችን የሥራ ሰዓት የሚገድብ ሕግ ‹የመዋዋል ነፃነትን ይነካል› ብሎ ጥሎት ነበር። በ1908 ደግሞ የፖርትላንድ የልብስ ማጠቢያ ሴቶችን ሰዓት የሚገድበውን የኦሪገን ሕግ፣ ‹ሴት ናትና ጥበቃ ያስፈልጋታል› በሚል አሳልፎታል። ክፍት የነበረው ያ ጠባብ በር ብቻ ስለሆነ በዚያው ገቡ። ሴትን እንደ ደካማ የሚቆጥረው ይህ ምክንያት ዛሬ ለጆሮ ይከብዳል፤ እኔንም ይከብደኛል። አባ ራያን ራሳቸው የሚሟገቱት ለወንዱም ለሴቷም ነበር።

ኮሚሽኑ ካወጣቸው ትእዛዞች አንዱ እንዲህ ይላል፦ በፖርትላንድ በማምረቻ ፋብሪካ የምትሠራ ልምድ ያላት ሴት በሳምንት ከ8.64 ዶላር በታች አይከፈላት። በቀን ከ9፣ በሳምንት ከ54 ሰዓት በላይም አትሥራ። ማካፈል የሚወድ ሰው ቢያሰላው፣ ለሰዓቱ 16 ሳንቲም ይደርሳታል። ካሮላይን ‹10 ዶላር ካልሆነ አይበቃም› ካለችው እንኳ ያንሳል፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ሲደራደሩ የወረደ ነው።

ፍራንክ ስቴትለር የሚባሉ የካርቶን ሳጥን ፋብሪካ ባለቤት ይህን አልከፍልም ብለው ከሰሱ። ኤልማይራ ሲምፕሰን የተባለች ሠራተኛቸውም ለብቻዋ ክስ መሠረተች። በሳምንት 8 ዶላር ታገኝ ነበር፤ 8.64 ክፈሉ ከተባሉ ከሥራ ያስወጡኛል፣ ሌላ ሙያ የለኝም አለች። ክርክሩ ሁሉ በሳምንት በ64 ሳንቲም ላይ ነው። ተከሳሹ የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ስለሆኑም መዝገቡ ‹ስቴትለር በኦሃራ ላይ› ተባለ፤ የአንድ ካህን ስም በአሜሪካ የሕግ መጻሕፍት ውስጥ የገባው እንዲህ ነው።

የኦሪገን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1914 ሕጉን አጸና። ከሳሾቹ ዋሽንግተን ወዳለው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ አሉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ታዋቂው ጠበቃ ሉዊስ ብራንዳይስ ለኦሪገን ቆመው ተከራከሩ። ከዚያ ዝም። 1915 አለፈ። በ1916 ብራንዳይስ ራሳቸው የዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ተሾሙ፤ በያዙት ጉዳይ ሊፈርዱ አይችሉምና ከመዝገቡ ወጡ። ክርክሩ በ1917 መጀመሪያ እንደ አዲስ ተሰማ፤ በዚህ ጊዜ ጠበቃው ፌሊክስ ፍራንክፈርተር ነበሩ። የሸማቾች ማኅበሯ ጆሴፊን ጎልድማርክ ደግሞ ስለ ደመወዝና ስለ ጤና ከየአገሩ የተጠናቀረ ወፍራም የማስረጃ ጥራዝ አዘጋጅታላቸው ነበር። ኤፕሪል 9 ቀን 1917 ውሳኔው ወጣ፦ አራት ለአራት። ዳኞቹ እኩል ስለተከፈሉ የኦሪገን ፍርድ ጸና። ሕጉ በሕይወት ቆየ፤ ያተረፈውም የአንድ ዳኛ ከችሎት መውጣት ያስከተለው እኩል ድምፅ ነው።

ካሮላይን ግን ፍርዱን የሰማችው ሌላ ሕይወት ውስጥ ገብታ ነው። በ1916 የቅዱሳት ስሞች እህቶች ማኅበር ገብታ ነበርና። ከዚህ በኋላ ሲስተር ሚርያም ቴሬዛ ተባሉ፤ እኔም ‹እሳቸው› ልበላቸው። የምንኩስና ልብስ ከቁጥር አልለያቸውም፤ በ1924 በዋሽንግተኑ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በዚያው በኦሪገን የሠራተኛ ሕግ ላይ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ስለ መጪው ዘመን ቃል ማውጣት ፈለጉ። አባ ራያን ጠረጴዛቸው ላይ ሳይጨርሱት የተዉት የንግግር ረቂቅ ነበር። አባ ጆን ኦግሬዲ ረቂቁን አይተው አስጨረሷቸው፤ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1919 በአራት ጳጳሳት ፊርማ ወጣ። የደመወዝ ወለል፣ ለሕመምና ለሥራ አጥነት ለእርጅናም መድን፣ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ መከልከል፣ ሠራተኛው በፋብሪካው አመራር ድርሻ እንዲኖረው ማድረግ ሁሉ ሰፍሮበታል። የአምራቾች ማኅበር ፕሬዚዳንት ‹ይህ ሶሻሊዝም ነው› የሚል አቤቱታ ለካርዲናል ጊበንስ ጻፉ። ጳጳሳቱ ግን ሰነዱን አልሳቡም። በቀጣዩ ዓመትም በዋሽንግተን የማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ አቋቁመው አባ ራያንን በኃላፊነት አስቀመጧቸው።

አሁን ወደ ዳኮታ ልጆች ልመለስ። በ1923 መጀመሪያ ላይ ፒርስ በትለር በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ የዋሽንግተን ከተማ የሴቶች የደመወዝ ወለል ሕግ ለፍርድ ቀረበ። ከከሳሾቹ አንዷ ዊሊ ላየንስ የምትባል የ21 ዓመት የሆቴል አሳንሰር ሠራተኛ ነበረች። በወር 35 ዶላርና በቀን ሁለት ጊዜ ምግብ ታገኝ ነበር። ሕጉ ከዚያ በላይ ይከፈላት ስለሚል ሆቴሉ አሰናበታት፤ ሥራዬን መልሱልኝ አለች። ይህችን ልጅ መዝለል አይገባም። የድሃ ጠበቆች በአንድ በኩል ቆመው፣ ድሃዋ ራሷ በሌላው በኩል ስትገኝ ነገሩ ያማል፤ ኤልማይራ ሲምፕሰንም እንዲሁ ነበረች። አባ ራያን በ1906 መጽሐፋቸው የመለሱት ይህንን ነው፦ ችግር ያስገደደው ስምምነት ነፃ ስምምነት አይባልም። ፍርድ ቤቱ ግን ተቃራኒውን አለ። ኤፕሪል 9 ቀን 1923፣ ኦሪገን በተረፈችበት ዕለት በስድስተኛ ዓመቱ፣ አምስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ሕጉ ወደቀ። በትለር ከአምስቱ ጋር ነበሩ።

ቤተ ክርስቲያኒቱም ውስጥ አንድ ልብ አልነበረም። በ1924 ኮንግረሱ የሕፃናትን ጉልበት ለመቆጣጠር የሚያስችለውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አሳልፎ ለግዛቶች ሲልክ፣ አባ ራያን ደገፉት። የቦስተኑ ካርዲናል ዊልያም ኦኮነል ግን መንግሥት በወላጅና በልጅ መካከል ይገባል ብለው አጥብቀው ተቃወሙ፤ ስለ አባ ራያንም ለአለቃቸው ለባልቲሞሩ ሊቀ ጳጳስ ከርሊ የስሞታ ደብዳቤ ላኩ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የማሳቹሴትስ ሕዝብ ማሻሻያውን በሦስት እጥፍ ገደማ ድምፅ ጣለው። ማሻሻያው እስከ ዛሬ አልጸደቀም። የካርዲናሉን ስጋት ከንቱ ነው አልልም፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ከወላጅ እቅፍ ወጥተው በጥጥ ፋብሪካ የሚያድሩት ሕፃናት ነበሩ።

በ1929 የመጣው ታላቅ የኢኮኖሚ ውድቀት ደመወዝን እንደ ጎርፍ ጠራርጎ ወሰደው። ኒው ዮርክ አዲስ የሴቶች የደመወዝ ሕግ አወጣች። በብሩክሊን ጆሴፍ ቲፓልዶ የሚባል የልብስ ማጠቢያ ቤት ኃላፊ ሕጉን ከመጣስ አልፎ መዝገብ በማጭበርበር ተከሰሰ፤ ጉዳዩም ዋሽንግተን ደረሰ። ጁን 1 ቀን 1936 አምስት ለአራት ተፈረደ፦ ግዛት የደመወዝ ወለል የመወሰን ሥልጣን የለውም። የአብላጫውን ፍርድ የጻፉት በትለር ናቸው። ለአባ ራያን ሠላሳ ዓመት የደከሙበት ነገር፣ በገዛ አውራጃቸው ልጅ ብዕር የተሰረዘ መሰለ። በዚያው የምርጫ ዓመት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ደግፈው በሬዲዮ ሲናገሩ፣ ሌላው የሬዲዮ ካህን አባ ቻርልስ ኮግሊን በአደባባይ ተሳለቁባቸው። በጃንዩዋሪ 1937 የሩዝቬልት በዓለ ሲመት ላይ ግን የማሳረጊያውን ጸሎት ያደረሱት አባ ራያን ናቸው።

ዌናቺ በዋሽንግተን ግዛት ያለች የፖም ከተማ ናት። ኤልሲ ፓሪሽ እዚያ በአንድ ሆቴል አልጋ እያነጠፈችና ክፍል እያጸዳች ትሠራ ነበር። በሰዓት 22፣ በኋላ 25 ሳንቲም ነበር የሚከፈላት። በ1935 ስትሰናበት፣ በግዛቲቱ ሕግ በሳምንት 14.50 ዶላር ይገባኝ ነበርና የጎደለኝን 216 ዶላር ከ19 ሳንቲም ክፈሉኝ አለች። ሆቴሉ 17 ዶላር እንኪ አላት፤ እምቢ አለች። የጠቀሰችው ሕግ በ1913፣ ከኦሪገኑ ጋር በአንድ ዓመት የወጣ ነው። ማርች 29 ቀን 1937፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት ፈረደላት። ዳኛ ኦወን ሮበርትስ ከአንድ ዓመት በፊት ከነበሩበት ወገን ተሻግረው ነበር። የ1923ቱ ፍርድ በግልጽ ተሻረ። በትለር ከአራቱ ተቃዋሚዎች ጋር ቀሩ።

በሩ ከተከፈተ በኋላ የቀረው ፈጠነ። ጁን 25 ቀን 1938 ሩዝቬልት የአገር አቀፉን የሥራ ሁኔታ ሕግ ፈረሙ። በሰዓት 25 ሳንቲም ወለል፣ መጀመሪያ 44 በኋላ 40 ሰዓት የሥራ ሳምንት፣ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከፋብሪካ መውጣት። ከ25 ዓመት በፊት ለፖርትላንዷ ሴት 16 ሳንቲም የተወሰነው፣ አሁን ለወንዱም ጭምር ሆነ። ዛሬ በአሜሪካ በመኪና ማቆሚያ፣ በአየር ማረፊያ፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠራ ወገናችን በመጀመሪያው የሥራ ቀኑ ‹ሚኒመሙ ስንት ነው?› ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚጠይቀው የዚህን ሕግ ልጅ ነው።

የእርሻ ሠራተኛው ግን ከሕጉ ተለይቶ ቀረ። በሰው ቤት የምታጥብ፣ የምትቀቅልና ልጅ የምታሳድግ ሴትም ሕጉ አልደረሰላትም፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። የቤት ሠራተኛ ከሠራተኛ ሕግ ደጃፍ ውጭ መቅረቷ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በአገር ቤትም፣ እህቶቻችን በሚሄዱባቸው የዓረብ አገሮችም የምናውቀው ነው። በትለር በ1939 አረፉ። አባ ራያን በ1945 በትውልድ ግዛታቸው፣ በሴንት ፖል ከተማ ዐረፉ። አባ ኦሃራ በካንሳስ ሲቲ ጳጳስ ሆነው አገልግለው በ1956 አረፉ። በ1966 ሕጉ የተወሰኑ የእርሻ ሠራተኞችን አቀፈ። የቤት ሠራተኞች የገቡት በ1974 ነው። ከፋብሪካ ሴቶች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የደመወዛቸውን ሳንቲም የቆጠሩት ሲስተር ሚርያም ቴሬዛ ያን ጊዜ ካረፉ 12 ዓመት ሆኗቸው ነበር።